ጣቶች የሚያውቁት ቃል

ዐሥር ጥቁር ነጥቦች በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ተሰለፉ። ጎደሊቭ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫን ነጥቦቹ ድርግም ብለው ጠፉና ሦስት ቀን ሙሉ ሲያበሳጫት የሰነበተው ጽሑፍ ወጣ፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም፣ እባክዎ ደግመው ይሞክሩ። «እባክዎ» የምትለዋ ቃል ከሁሉም ይልቅ አበገነቻት። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና በመስኮቱ አሻግራ የጎረቤቷን ባዶ የአበባ ማብቀያ ቤቶች ተመለከተች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

እነዚህ እጆች ተራ እጆች አልነበሩም። አርባ ሁለት ዓመት በቤልጂየም፣ በሎክሪስቲ ከተማ በሚገኝ የሰነድ አረጋጋጭ ቢሮ ውስጥ የሰው ኑዛዜ፣ የቤት ሽያጭ፣ የጋብቻ ውል ሲተይቡ ኖረዋል፤ ዓይኗ ከረቂቁ ላይ ሳይነቀል፣ ቁልፎቹን አንድም ጊዜ ሳታይ። አዳዲስ ተቀጣሪዎችን የምታለማምደው ኪቦርዱን በፎጣ ሸፍና ነበር። ቁልፍ እያየ የሚጽፍ ሰው ካጋጠማት ትስቃለች፤ ሣቋን ውጣ የምትቀር ሴትም አይደለችም። እሷ ጡረታ ስትወጣ ኩራቷ ጡረታ አልወጣም።

የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች። አዛሊያ፣ በላቲን ፊደል ስድስት ሆሄ፣ ቀጥሎ ሥራ የጀመረችበት ዓመት፣ 1974። አዛሊያ በሚባለው አበባ ሲተዳደር በኖረ መንደር ውስጥ ለተወለደ ሰው ከዚህ የሚቀል ነገር አይገኝም፤ ስምንት ዓመት በየቀኑ ጽፋዋለች። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ አልቀበልም ሲላት ጣቴ ስቶ ይሆናል አለች። ማክሰኞ የሠርጓን ዓመት፣ የልጇን የልደት ቀን፣ የሟች ባሏን ስም ሞከረች። ዛሬ ረቡዕ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር መጣባት፤ አዛሊያ የሚለውን ቃል ራሱን መጠራጠር ጀመረች። ጭንቅላቷ ከየትም አንስቶ የፈጠረው ቢሆንስ?

የእህቷ የጆርጄት ነገር የጀመረው እንዲሁ ነበር። ዳቦ ቤት ቆማ የባንክ ካርዷ አራት ቁጥሮች ጠፉባት፤ እሷም ጎደሊቭም እየተሣሣቁ ወደ ቤት ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጆርጄት የገዛ ልጇን «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ጎደሊቭ ያንን ሣቅ ባስታወሰች ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጇ ቬርለ የውክልና ረቂቅ ይዛ ትመጣለች። ሰው ራሱን ማስተዳደር ሲያቅተው ስለ ቤቱም፣ ስለ ሀብቱም፣ ስለ ሕክምናውም ልጁ እንድትወስንለት የሚሰጠው ውክልና ነው። ጎደሊቭ ጡረታ ልትወጣ ሰሞን ለሌሎች ስትተይበው የሰነበተችው ወረቀት ነው፤ የራሷን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ገና ነኝ» እያለች መሳቢያ ውስጥ ስትከተው ቆይታለች። ዛሬ ጠዋት ከራሷ ጋር ተዋዋለች። እስከ ስምንት ሰዓት ማሽኑ ከተከፈተ ረቂቁ እንደ ወትሮው መሳቢያ ይገባል። ካልተከፈተ ግን የሚያከራክር ነገር የለም፤ የቀረበላትን ሁሉ ትፈርማለች።

የጓሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ፎንስ ነው። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ እነዚያ ባዶ የአበባ ቤቶች የእሱ ናቸው። አፈሩ ያልተራገፈ አንድ እቅፍ ባሮ ሽንኩርት ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ፊቷን አየ።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ፊትሽ ግን ከቀብር የተመለሰ ይመስላል።»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን ኪቦርዱን ገፋ አደረገችው። «ፎንስ፣ እንደ ጆርጄት እየሆንኩ ነው» አለችው።

ፎንስ ቆቡን አወለቀ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

በአገጯ ማሽኑን አመለከተችው። ሦስቱንም ቀን ነገረችው፤ ሌላ ለማንም ያልተናገረችውን።

«ይሄማ እኔንም በየሳምንቱ አላውቅህም ይለኛል» አለ ፎንስ። «በይ ቃሉን ንገሪኝ።»

«የይለፍ ቃል ለሰው አይነገርም።»

«ለማን አወራዋለሁ ብለሽ ነው? ለዶሮዎቼ?»

«አዛሊያ» አለች በቀስታ። «ከዚያ 1974። ይመስለኛል።»

«ወገቤን የሰበረውን አበባ!» ፎንስ ሣቀ። «የመንደሩ ሰው ግማሹ ቤቱን የሚቆልፈው በዚህ ቃል ነው። እስቲ ፈቀቅ በይልኝ።»

ወፍራም መነጽሩን አደረገና አንድ ጣቱን ቀስሮ ኪቦርዱ ላይ አጎነበሰ። ጎደሊቭ ጭንቀቷ ውስጥ ሆናም ዝም ማለት አልሆነላትም። «እንደ ዶሮ ልትለቅም ነው» አለችው።

«ዶሮ ምን አላት? የምትለቅመውን እያየች ነው የምትለቅመው።»

ጣቱ ግን ወደ ፊደሎቹ አልሄደም። የይለፍ ቃሉ ከሚጻፍበት ሳጥን ጫፍ ላይ ያለች፣ እሷ ስምንት ዓመት ልብ ያላለቻት ትንሽ የዓይን ሥዕል ነበረች፤ እሷን ተጫነ።

«ምንድን ናት እሷ?»

«ይቺን ስትጫኛት ነጥቡ ይቀርና የጻፍሽው ይታያል። እንደ እኔ ላለ ደካማ የተሠራች ናት። ለአንቺ ዓይነቱ ባለሙያማ ምን ታደርግለታለች?»

«ኤ» የሚለውን ፊደል ፈልጎ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ «ኪው» ወጣ። ፎንስ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ተመለከተ፤ አጠፋውና ደግሞ ተጫነ። አሁንም «ኪው»።

«ጣትህ ስቶ ነው» አለች።

«ጣቴን እያየሁት እንዴት ይስታል? እስቲ አንቺ ጻፊ።»

ጎደሊቭ እጆቿን ዘረጋች። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ሮጡ፤ ዓይኗ ግን ዛሬ የሚወጣውን ያይ ነበር። አዛሊያ አልነበረም። ምንም አልነበረም። ከስድስቱ ፊደላት በቦታቸው የተገኙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ በ1974 ፋንታ ደግሞ ቃለ አጋኖ፣ ቅንፍ፣ የ«እና» ምልክትና የዶላር ምልክት ተደርድረዋል። ሦስት ቀን ሙሉ በነጥቦቹ ሥር ተሸፍኖ የኖረው ይህ ነበር።

ፎንስ በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በጥፍሩ መታ አደረጋት። «አየሽ? አሜሪካ ይላል። አንቺ በእኛ ኪቦርድ ትጽፊያለሽ፣ እሱ በአሜሪካኖቹ ያነባል። የእነሱ ፊደል አቀማመጥ ሌላ ነው። ማነው የቀየረው?»

ማን እንደቀየረው ወዲያው ገባት። እሑድ ዕለት ማሽኑ ራሱን አድሶ ሲነሣ በላይ በላዩ ጥያቄ ደርድሮባት ነበር፤ ቋንቋ፣ አገር፣ ኪቦርድ፣ ሌላም ሌላም። ሾርባዋ ምድጃ ላይ እየገነፈለ ስለነበር ሳታነብ ሁሉንም እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብላ አሳለፈችው። አርባ ሁለት ዓመት ለባለጉዳይ ሁሉ «እስከ መጨረሻው መስመር ሳያነቡ እንዳይፈርሙ» ስትል የኖረችው ሴት።

ፎንስ «ቤልጂየም» የሚለውን መርጦ ቦታውን ለቀቀላት። ጎደሊቭ ዓይኗን ጨፈነች። ዐሥሩንም ቁልፎች በጣቶቿ ስሜት ብቻ መታችና ማስገቢያውን ተጫነች። ዓይኗን ስትገልጥ ማሽኑ ተከፍቷል፤ ደብዳቤዎቿ፣ ፎቶግራፎቿ፣ የመንደሩ መዘምራን ማኅበር ቃለ ጉባኤ ሁሉም እንደነበሩ አሉ። እሷ ግን አንዱንም አላየችው። ቃሉ ልክ ነበር። ጣቶቿ ልክ ነበሩ። ራሷ ልክ ነበረች። ሦስት ቀን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ሸክም በአንድ ጊዜ ተነሥቶላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሣቀች፤ ሣቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ተመልሶም ሣቅ ሆነ። ፎንስ የሚያደርገው ቢያጣ ባሮ ሽንኩርቱን ማጠብ ጀመረ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«የትኛውን? ቃሉን ነው ወይስ እኔ እንዳስተማርኩሽ?»

«ሁለተኛውን።»

ቬርለ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰማያዊ አቃፊ ታቅፋ መጣች። እናቷን ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳመቻት፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የመጣችው እንደ ወትሮው ለመባረር ተዘጋጅታ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ ካልመሰለሽ ግድ የለም፤ አላስጨንቅሽም…»

«አምጪው።»

ጎደሊቭ ቀይ እስክሪብቶ አነሣችና ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። የቤቱ የካርታ ቁጥር አንድ አኃዝ ይጎድለዋል። አራተኛው ገጽ ላይ የቬርለ የልደት ወር ተሳስቷል።

«ማነው ይሄን የተየበው? አንቺ የተወለድሽው በኅዳር ነው እንዴ?»

«በጥቅምት» አለች ቬርለ፤ ድምጿ ውስጥ ሣቅ የሚመስል ነገር ነበረበት። አቃፊውን ለመሰብሰብ እጇን ዘረጋች። «እሺ፣ ገባኝ። ሌላ ጊዜ አመጣዋለሁ።»

ጎደሊቭ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች። «ዛሬ ጠዋት ብትመጪ ሳላነበው ነበር የምፈርምልሽ» አለች።

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

ቬርለ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምታው አታውቅም። «እኔም ስፈራ ነው የከረምኩት» አለች ቀስ ብላ። «ስልክ ስደውልልሽ ቀኑን የምጠይቅሽ ጠፍቶኝ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ብዬ ነው የቀን መቁጠሪያውን ስልኩ አጠገብ የሰቀልኩት።»

ከዚያ ቬርለ ሣቀች፤ ጎደሊቭም ተከተለቻት፤ በመሐል ግን የልጇን እጅ ይዛ አልለቀቀችም።

«ይሄ ወረቀት» አለች ኋላ፣ ገጾቹን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገች እያስተካከለች፣ «ራሱን በማያውቅ ሰው እጅ ከተፈረመ ዋጋ የለውም። ብዙ ልጆች ጊዜው አልፎባቸው ቢሮ ደጃፍ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ሰውዬው ገና ነኝ ሲል፣ ገና ነኝ ሲል። ሰነድ አረጋጋጩ ቢሮውን የሚዘጋው ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። እርማቱን እዚያው እነግራቸዋለሁ። መኪናሽን አስነሺ።»

ቬርለ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ጎደሊቭ ካፖርቷን ከማንጠልጠያው ላይ አውርዳ አንድ እጇን አስገባች።

«ዛሬ ነኝ» አለቻት።