የቤተ መጻሕፍቱ ለቅሶ

ልክነሽ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ደርሳ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ልጇ አቢጋኤል ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"እማዬ፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው! ሰው እያየን ነው።"

"ወለሉ ንጹሕ ነው እኮ፤ ላቆሽሸው?" አለች ልክነሽ። ቢሆንም ጫማዋን ሳታወልቅ ልጇን ተከትላ ገባች።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አርባ ምንጭ ከላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ይለቀቅ ነበር። የንባብ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ፤ በአንድ ወገን ሥዕል፣ በሌላው ክራርና ጊታር፣ ሁሉም በነጻ። አርባ ምንጭ ላይ በነጻ የሚገኘው ሙቀትና ትንኝ ብቻ ነው እያሉ የሚቀልዱት ወላጆች እንኳ ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይልካሉ። አስተማሪው ሸዋንዳኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ሰሞኑን አንድ ነገር አምጥቷል፤ እያንዳንዱ ልጅ በተራው አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ይመጣል፣ ያም ሰው የድሮ ዜማ ያሰማል። ተራው የአቢጋኤል ሲሆን ልታመጣ የምትችለው እናቷን ብቻ ነበር። አባቷ ማርቆስ በወባ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም።

ልክነሽ ሳምንቱን ሙሉ እምቢ ስትል ነው የሰነበተችው። ምክንያት ነበራት። የትውልድ አገሯ ካምባ ሳለች፣ ጌታን ከመቀበሏ በፊት፣ ለቅሶ አውራጅ ነበረች። በእነሱ አገር ሰው ሲሞት ሕዝቡ ሜዳ ይወጣል፤ አውራጇ የሟቹን ሥራ እያነሳች ታዜማለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ተቀባይ ከሌላት የብቻ እንጉርጉሮ ነው፤ ተቀባይ ካገኘች ግን ለቅሶ ሆነ ማለት ነው። ካመነች በኋላ ይህን ሁሉ ተወችው። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ተስፋ እንደሌለው ሰው አናለቅስም ባዮች ናቸው። ማርቆስ ሲቀበርም መዝሙር ተዘመረ፣ እሷም አብራ ዘመረች። በእምነቷ ጠንካራ ናት ተብላ ተመሰገነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦባት እህል እንኳ በወጉ አይወርድላትም።

"ስለመጡልን እናመሰግናለን፣ እናቴ። ደስ ያለዎትን ያሰሙን" አለ ሸዋንዳኝ ወንበር እየሳበላት።

"እኔ አማርኛ ዘፈን የለኝም።"

"በጋሞኛ ይሁና! እንዲያውም እሱ ይሻላል።"

ልጆቹ ወለሉ ላይ ተደርድረው ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ያሰበችው ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ የሚሏትን ቀላል ዜማ ብላ ለመገላገል ነበር። ጀመረችውም። ፈትሉ ግን ወደ ሸማው ወሰዳት፣ ሸማው ደግሞ ወደ ማርቆስ። ማርቆስ ሸማኔ ነበር፤ ዕድሜውን እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ከትቶ ነው የኖረው። ዜማው ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

"እግርህን ካንዱ ጉድጓድ ሳታወጣ፣ ሌላ ጉድጓድ ቆፈሩልህ ማርቆስ። ድርህ እንደተወጠረ ነው፤ ማጉን ማን ይወርውርልህ?"

"ወየው፣ ማን ይወርውርልህ!" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ደግፌ ነበር፤ ጋሞኛ ያውቃል። ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሁለተኛ ስታወርድም ተቀበላት፣ ሦስተኛም። ልክነሽ ዓይኗን ጨፍና ባሏን አለቀሰችው። የሠራቸውን ሸማዎች፣ ያለበሳቸውን ሙሽሮች፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ሥራ ልግባ ያለበትን ጠዋት ሁሉ አነሳች። እንባዋ ነጠላዋን አራሰው፤ ደረቷም ቀለላት።

ስትጨርስ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሸዋንዳኝም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ፣ ቋንቋውን አያውቅ።

"ግሩም ነው! ለመዝጊያ ዝግጅታችን ልጆቹን ቢያስጠኑልንስ?"

ልክነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ለቅሶ ላይ ሲጨበጨብ አይታ አታውቅም። ያላጨበጨበችው አቢጋኤል ብቻ ነበረች፤ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። ደግፌ ቀስ ብሎ መጣና የልክነሽን እጅ ያዘ።

"እግዜር ያጽናሽ" አላት፤ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው።

ወሬ ከሴቻ ልክነሽ ወደምትኖርበት ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ለመውረድ ሚኒባስ አይጠብቅም። በሳምንቱ አጋማሽ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ይፍሩ ቤቷ መጡ።

"ሰላም ለዚህ ቤት፣ እህት ልክነሽ።"

"አሜን፣ ጋሼ። ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ጥግ ላይ ያለውን የማርቆስን የሽመና ጉድጓድ አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

"ለቅሶ አውርደሻል የሚባለው እውነት ነው?"

ልክነሽ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ልጨክንብሽ አልመጣሁም። ማርቆስ ወንድሜ ነበር። ለሌሎቹ ሽማግሌዎች የልጆች ትምህርት ነው ብያቸዋለሁ። ትምህርት ከሆነስ ምን ነውር አለው ብለዋል።"

"ዘበኛው ተቀብሎኛል፣ ጋሼ።"

"ዘበኛውን ተዪው! የሚጠየቀው እሱ አይደለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሑድ የጌታ እራት አለ። ከወሰድሽ ነገሩ ትምህርት ነበር ማለት ነው፤ እዚያው ያበቃል። ካልወሰድሽ ለቅሶ ነበር ማለት ነው፤ በቅጣት ትሆኛለሽ። ቅጣትሽ እስኪያልቅ እህቶች ቤትሽ አይመጡም። እዚህ አገር ከእነሱ ሌላ ማን አለሽ?"

ማንም አልነበራትም። ካምባ ያሉ ዘመዶቿ እምነቷን ስትቀይር ተቀይመዋት ቀርተዋል። ማርቆስ ሲታመም ተራ ገብተው ያስታመሙት፣ ከሞተ በኋላም ከጓዳዋ ያልጠፉት እህቶች ናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ ጎረቤቷ በለጥሽ።

አቶ ይፍሩ ጸልየው እንደወጡ አቢጋኤል ተጠጋቻት።

"ትምህርት ነበር በያቸው፣ እማዬ። ምን አለበት?"

"አንቺስ ለምን አላጨበጨብሽም?"

አቢጋኤል አቀርቅራ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ልክነሽ ከበለጥሽ አጠገብ ተቀመጠች። በለጥሽ ወሬውን ሰምታለች፤ ቢሆንም እንደ ወትሮው ክንዷን አቅፋ ይዛታለች። መዝሙሩ አልቆ ቁራሽ ዳቦና ትንንሽ ብርጭቆዎች የያዘው ትሪ በወንበሮቹ መሐል መዞር ጀመረ። ልክነሽ ይህን እራት ትወደው ነበር። ከማርቆስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የወሰዱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዛሬም አማራት። ነገር ግን ብትወስድ፣ ማርቆስ ለልጆች ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው፤ ሳይለቀስለት አፈር ገባ ማለት ነው።

ትሪውን የያዙት አቶ ይፍሩ ራሳቸው ነበሩ። ፊቷ አምጥተው ቆሙ።

"ውሰጂ፣ እህቴ" አሉ በለሆሳስ።

ልክነሽ ትሪውን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ከላዩ ምንም ሳታነሳ ለበለጥሽ አሳለፈችው።

በለጥሽ የራሷን ወሰደች፣ ትሪውን ለቀጣይዋ ሰጠች። ከዚያም ክንዷን ከልክነሽ ክንድ ቀስ ብላ አወጣችና፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በወንበሩ ላይ ፈቀቅ አለች።