ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት

እናቴ «ሚጣ ጋ ጥቂት ቀን ሰንብቼ ልምጣ» ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች። ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት። ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግን የመጨረሻ ልጅ ፀጉሯ ቢሸብትም ሚጣ ናት። ሙቀቱ ሲጀምር የሄደች እናት ሙቀቱ ጠንቶም አልተመለሰች። ስደውልላት «እመጣለሁ የኔ እመቤት፣ ምን ያስቸኩላል?» ትለኛለች። ከጀርባዋ የሚጣ ሳቅ ይሰማኛል።

እውነቱን ልናገርና ቀንቻለሁ። ለሰው «ናፍቃኝ ነው» እያልኩ ባወራም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ እናቴ የኔ ነበረች። ቤቴን ስሠራ ምርጡን ክፍል የሰጠሁት ለእሷ ነው፤ አንዱ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ መስታወት የሆነ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ ፀሐይዋ ከተማዋን አቅልታ ስትጠልቅ አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚታይበት። ያየው ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ይይዛል። እንዲህ ያለ ክፍል የተሰጣት እናት ምን ጎድሎባት ትቀራለች?

እኔና ሚጣ ሁለታችንም አርክቴክት ነን። እኔ ቀደምኩ፣ እሷ ተከተለችኝ፤ መጀመሪያ የያዘችው ማስመሪያ እንኳ የኔ አሮጌ ማስመሪያ ነው። እኔ መሃል ከተማ ያሉትን መስታወት የለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች እነድፋለሁ። እሷ ደግሞ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጥላ ያለው፣ ደጁ ዛፍ በዛፍ የሆነ ቤት ትሠራለች። የኔን ሕንፃዎች ስታይ «እትዬ፣ ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

በዚያ ሰሞን የራሷ መኖሪያ ቤት ተሸለመ። ጋዜጣው «ያለ ኤሲ የሚቀዘቅዝ ቤት» ብሎ ሙሉ ገጽ ሰጣት። ሽልማቱን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ፎቶውን ነው። እናቴ ሻሿን ፈትታ፣ እግሯን ዘርግታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቤቱን ራሷ ያሠራችው ነው የምትመስለው። እኔ ቤት እግሯን ዘርግታ አይቻት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ እናቴ ረስታው የሄደችውን መነጽር ሰበብ አድርጌ ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ነበረ። አዎ፣ የገዛ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ የሙቀት መለኪያ ይዤ ሄድኩ። ቅናት ምን የማያሸክመው አለ?

ቤቱ ከተጠቀጠቀ አፈር በተሠራ ብሎኬት የተገነባ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ደጁን ያጠላል። ከጣሪያው ሥር ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በእነሱ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ዝቅ ብለው በተሠሩት መስኮቶች ይገባል። የእጅ መታጠቢያው ውሃ በቱቦ ወርዶ አትክልቱን ያጠጣል። ይህን ሁሉ እኔም ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ምናለ ሞቆ ባገኘው!

ሚጣ ሻይ ልታፈላ ስትገባ መለኪያዬን አውጥቼ ከአበባው ጀርባ ሸጎጥኩት። ትንሽ ቆይቼ ጎንበስ ብዬ ሳነብ ድምጿ ከኋላዬ መጣ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ አለኝ። ያው እዚያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎልሻል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዳነችኝ እናቴ ናት፤ ከወጥ ቤት እየተቆጣች ወጣች። ቁጣው ለሚጣ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ በር መቼ ነው የሚዞረው? ነፋሱ የሽንኩርቱን ሽታ ሰብስቦ ሳሎን ይከተዋል ብዬሻለሁ!»

«እሺ እማዬ፣ ሰኞ አናጢው ይመጣል።»

«ሰኞ፣ ሰኞ ትያለሽ። ተሸለምኩ ብለሽ ነው የምትኮሪብኝ?»

ሚጣ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። «አየሽልኝ ኑሮዬን? የመኝታ ቤቷን መስኮት ሁለቴ አስፈርሳኛለች። ገና መሬቱ ባዶ ሳለ ወንበር ሰጠኋትና ጥላ እየተከተለች ስትዞር ዋለች። የተቀመጠችበትን በኖራ እያሰመርኩ ነው ቤቱን የነደፍኩት። ይሄ በረንዳ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠችበት ነው።»

ያኔ ቅናቴ ሌላ መልክ ያዘ። ሽልማቱንም ፎቶውንም ረሳሁት። የቀናሁት በቁጣው ነው። እኔን እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም። ያንን ክፍል ሳሳያት «እጅሽ ይባረክ» አለች። ከዚያ ወዲህም ስለ ቤቱ ምን ብጠይቃት «እጅሽ ይባረክ» ነው። በሰው ቤት ያለ እንግዳ ነው እንዲህ የሚናገረው።

ስሰናበት «እማዬ፣ እንሂድ ቤታችን» አልኳት።

«እመጣለሁ የኔ እመቤት» አለች፣ ዓይኗን ወደ ዛፉ መልሳ።

እልህ ይዞኝ ቤቴ ገባሁ። አንሶላውን ልቀይር፣ ክፍሏን አሳምሬ እንደገና ልጠራት አስቤ ነበር። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ከሥራ የምመለሰው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ መስኮቱ ሥዕል በሚመስልበት ሰዓት ነው። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የአልጋው ብረት እጅ አያስነካም። መስኮቱ አይከፈትም፤ መስታወቱ በክፈፍ እንዳይቆራረጥብኝ ብዬ ድፍን ያስደረግኩት እኔው ነኝ። የኤሲው ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። የኤሲ ቅዝቃዜ ጉልበቷን እንደሚቆረጥማት ነግራኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።

ስሱን መጋረጃ ልስብ ቀና ስል ከመስኮቱ በላይ ምስማሮች አየሁ። የኔ ሠራተኞች የመቷቸው አይደሉም። ተጣመዋል፤ በዙሪያቸው ቀለሙ ተፈርፍሯል። በጫማ ተረከዝ የተመታ ምስማር እንዲህ ነው የሚሆነው። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ወፍራሙን ብርድ ልብስ አገኘሁት። ጠርዙ ላይ በእጅ ማንጠልጠያ ተሰፍቶለታል፤ አንድ ፊቱ በፀሐይ ቀለሙን ለቅቆ ነጥቷል።

እኔ ሥራ ስሄድ ትሰቅለዋለች። እኔ ልመጣ ስል ታወርደዋለች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ጀምበር መጥለቂያውን አብራኝ ታያለች፣ «እጅሽ ይባረክ» እያለች። አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ላቤና እንባዬ ተቀላቀሉ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ብርድ ልብሱን አገኘሁት። ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ አቀርቅራ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። «ክፍሉን ስታሳዪኝ ፊትሽ ያበራ ነበር። ምን ብዬ ላጥፋው?»

«ለሚጣስ ትነግሪያት የለ!»

«ሚጣማ ትጠይቀኛለች።»

በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እኔ የከተማዋን ግማሽ ነድፌ ለእናቴ አንዲት ጥያቄ ያልጠየቅኩ ሴት ነኝ። አፈርኩ፤ አፍሬም ግን ቅናቱ አልለቀቀኝም።

«አንድ ከሰዓት ብቻ ነይልኝ» አልኳት። «እኔም ወንበር እሰጥሻለሁ።»

መጣች። ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ አኖርኩላትና ጠመኔ ይዤ ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። መጀመሪያ «ምንም አይልም፣ እጅሽ ይባረክ» አለች።

«እማዬ፣ በሞቴ።»

ፀሐይዋ ወለሉ ላይ እየተሳበች እግሯ ጋ ስትደርስ እናቴ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። አሰመርኩ። እንደገና ደረሰችባት፤ እንደገና ገፋች። አሰመርኩ። በመጨረሻ የወንበሩ ጀርባ ግድግዳውን ነካና መሸሻ አጣች። ያኔ ፈነዳች።

«ቆይ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የማይከፈት መስኮት የሚሠራ? ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ! ፀሐይ በየት በኩል እንደምትጠልቅ ሕፃን ልጅ አያውቅም? ይሄ ግማሹ ይደፈን፣ ግማሹ ይከፈት። ደጁ ላይ ዛፍ ትከዪ፤ እሱ እስኪያድግ ከውጭ በኩል የእንጨት ርብራብ ይሠራለት። ምን ታፈጪብኛለሽ? አስምሪ እንጂ!»

«እሺ እማዬ» አልኩ። ከስንት ዘመን በኋላ ልጅ ሆንኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሚጣ ናት።

«እትዬ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመለሰው? ራት ቀርቧል እኮ።»

እናቴን አየኋት። ጠመኔውን ከእጄ ነጥቃ፣ እኔ ያሰመርኩትን በጫማዋ እያጠፋች ከጎኑ የራሷን መስመር ታሰምራለች።

«ትመጣለች የኔ እመቤት» አልኳት ሚጣን። «ምን ያስቸኩላል?»