ሕጉ ለማን ተሠራ

«ሰማንያ ቀንሽ ሳይሞላ ወዴት ነው?» እትዬ ዘቢደር የጓዳውን በር በጀርባዋ ዘጋችው።

ጊፍቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ገና ክርስትና ያልተነሣችው ሕፃን ከትራሱ አጠገብ ተኝታለች። ከደጅ፣ ከለቅሶው ድንኳን፣ የሰው ጉምጉምታ ይሰማል።

«ወደ አባቴ መቃብር ነው» አለች። «ከቀብሩ አስቀራችሁኝ፤ እሺ አልኩ። ደወሉን አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ዛሬ ሰልስቱ ነው። ዛሬ ግን አልቀርም።»

«አራስ ከቤት አትወጣም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አትረግጥም። ሕግ ነው! ይህንን ሕግ ለአምቦ ሰው ያስተማረው ማን ሆነና? ወንድሜ አይደለም?»

እውነቷን ነው። የጊፍቲ አባት የኔታ ይገዙ የብሉይና የሐዲስ መምህር ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር። ከጎጆ ከተማ ለለቅሶ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ የነበረን ሹም የኔታ በመቋሚያ እንዴት እንደመለሱት ይተርካሉ። «በሕግ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ» ይላል ሌላው። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ሴቶች ይንሾካሾካሉ። «ልትወጣ ነው አሉ?» «መጋኛ ይመታታል እኮ!» «ሐዘኑ አናቷን አዙሯት ነው።»

ጊፍቲ ሁሉንም ሰማች። የሚወራላቸው ሰው አባቷ ነበሩ፤ ግን ግማሹ ብቻ። እሷ የምታውቀው ሌላም አለ። ልጅ ሳለች ከበር ጀርባ ምስር እየለቀመች ትምህርታቸውን ትሰማ ነበር። «ብሉይ ጥላ ነው፣ ሐዲስ አካሉ» ይሉ ነበር ተማሪዎቹን። «ጥላው ቀድሞ ይደርስና ‹ሰው እየመጣልህ ነው› ይልሃል። ስለዚህ ጥላውን አትናቅ። ነገር ግን ሰውዬው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሳለ ጎንበስ ብሎ ጥላውን የሚስም ሰው ምን ይባላል?» ተማሪዎቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

«እትዬ» አለች ጊፍቲ፤ «እናቴ የሞተች ዕለት አንቺም እዚህ ነበርሽ።»

የዘቢደር ፊት ተለወጠ።

ያን ጊዜ ፋንቱ፣ የጊፍቲ እናት፣ ወንድ ልጅ ወልዳ ትኩሳቱ አልለቃት ብሎ ነበር። ልጁ ሞቶ ቀደማት። እሷም እንደምትሞት ባወቀች ጊዜ ቁርባን ለመነች። «አርባዋ ሳይሞላ እንዴት ተደርጎ!» ብላ በሩ ላይ የቆመችው ይህችው ዘቢደር ነበረች። ሁሉም የየኔታን አፍ ጠበቀ። እሳቸው በዝናብ ወጡ፤ ካህናቱን ይዘው ተመለሱ። እህታቸውን በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው እንዲህ አሏት፦

«ዘቢደር፣ አርባው ቀን የተሠራው ለፋንቱ ነው። እንድታርፍበት፣ ሰውነቷ እንዲጠግን። ፋንቱ ለአርባው ቀን አልተሠራችም። ሕጉን የሰጠው ጌታ ራሱ ሊጎበኛት መጥቶ፣ እኛ በር ላይ ቆመን ቀን እንቁጠርበት?»

ፋንቱ ቆርባ፣ ፊቷ ረግቶ ሞተች። ጊፍቲ የአባቷን እንባ ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ቤተ መቅደስ አልገባም» አለች አሁን፣ ሕፃኗን አንሥታ እያቀፈች። «አባቴ ‹ጥላውን አትናቅ› ይል ነበር፤ አልንቅም። መቃብሩ ግን ውጭ ነው፣ ከጽድ ዛፉ ሥር። እዚያ ቆሜ አባቴን እሰናበታለሁ። በሩን ልቀቂልኝ፣ እትዬ።»

ዘቢደር ከበሩ ዘወር አለች። «መሄድሽ ካልቀረ ሕፃኗን ለእኔ ስጪኝ። ሁለታችሁንም ብርድ እንዳይገባችሁ።»

ጊፍቲ ወደ ድንኳኑ ወጣች። ጎረቤቷ ኦቦ ዱጋሳ ከአግዳሚው ተነሡና መንገድ ከፈቱላት። «ጀባዹ፣ ኢንተለ ኮ» አሉ፤ «በርቺ፣ ልጄ።» ባሏ ገመቺስ ባጃጅ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። «ትችያለሽ?» አላት። «እችላለሁ» ብላው ገባች፤ እትዬ ዘቢደርም ሕፃኗን አቅፋ ከጎኗ ተቀመጠች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ሰው «አራስ ናት እኮ!» ሲል ቄስ ዮሐንስ ሰሙ። የየኔታ ተማሪ ነበሩ። ጊፍቲን አዩ፤ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወደ ካህናቱ ዞረው «የኔታ ቢሆኑ የሰልስቱን ጸሎት ወደ እሷ ያመጡላት ነበር» አሉ። «መቃብሩ ላይ እናድርሰው።» መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉላት።

አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ጊፍቲ ደረቷን አልደቃችም፣ ሙሾም አላወጣችም፤ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። ጸሎቱ እንደተጀመረ ሕፃኗ አለቀሰች። ጊፍቲ ከዘቢደር እጅ ተቀበለቻትና ከመቃብሩ ራስጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አጠባቻት። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ በሕፃኗ ጉንጭ ላይ ወረደ።

ከሁሉቃ ወንዝ በኩል ንፋስ ተነሣ። እትዬ ዘቢደር ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ በሁለት እጇ ዘርግታ ጊፍቲንና ሕፃኗን ጋርዳ ከነፋሱ ፊት ቆመች። ጸሎቱ ረዘመ። ክንዶቿ ዛሉ፤ ነጠላውን ግን አላወረደችውም።