የውሃው ቁጥር

ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር። ተረኛዋ ባለሙያ ከንፈሯን ነከሰችና ስካኑን ደገመችው፤ አምስት ነጥብ ስምንት። ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችውና በምስሉ መሀል ያለችውን የመለኪያ ክብ በማውሱ ጥቂት ወደ ጠርዝ ገፋ አደረገቻት። አራት ነጥብ ዘጠኝ።

"እሰይ!" አለች ለብቻዋ። መዝገቡ ላይ 4.9 ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ "አልፏል" ብላ ፈረመች።

በየጠዋቱ ከሰው ሁሉ በፊት ሲቲ ስካኑ ውስጥ የሚገባው ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ሲሊንደር ነው። ሠራተኞቹ "የማይታመመው ታካሚ" ይሉታል። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ውሃን ዜሮ ብሎ ማንበብ አለበት፤ እስከ አምስት ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢዛነፍ ይታለፋል። ከአምስት ከበለጠ ግን መመሪያው ግልጽ ነው፦ ሰው አይገባም፤ ማሽኑ ባዶውን በአየር ይስተካከላል፤ ውሃው እንደገና ይለካል፤ እምቢ ካለ መሐንዲስ ይጠራል። መመሪያውን በቃሏ ታውቀዋለች። ማስተካከሉ ሃያ አምስት ደቂቃ እንደሚፈጅም ታውቃለች። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ሰው ገና በጠዋቱ ተሰልፏል።

የሥራ ባልደረቦቿ "እሳቷ" የሚሏት በከንቱ አይደለም። እሷ ተረኛ በሆነች ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ማንም ብዙ አይቆይም። በሽተኛ ማስጠበቅ አትወድም፤ አባቷ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ሲያቃስቱ ያየች ልጅ ናት። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያስቸግራት "እስኪያልፍ መድገም" የሚለውን ዘዴ ከማንም ሳትማር ራሷ አገኘችው። ማሽኑን አታለልኩ ብላ አላሰበችም። እንዲያውም ጎበዝ የሆነች መስሏት ነበር።

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው። የሦስት ሳምንት ሥልጠናዋ ያልቃል። አሠልጣኟ ከፈረሙላት የማሽኑ ፍተሻ ኃላፊ ሆና ቋሚ ትሆናለች፤ ካልፈረሙ በየሦስት ወሩ የሚታደሰው ውሏ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። እናቷ ማለዳ ከቤት ስትወጣ በር ድረስ ተከትላት፣ "ሰውየው ላለመፈረም ብዕር ጠፋብኝ እንዳይል፣ ሁለት ብዕር ያዢ" ብላት ነበር።

አሠልጣኙ "ውሃ ልክ" ይባላሉ፤ ግንበኛ ግድግዳው መዝመሙንና አለመዝመሙን በሚያይበት መሣሪያ ስም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ጠመም ብሎ ካዩ ሳያቃኑ ወንበር ላይ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ልክ በሁለት ሰዓት ገቡ።

"እንዴት አደርሽ፣ እሳቷ? ውሃችንስ እንዴት አደረ?"

"ደህና አደሩ ጋሼ። ውሃውም ደህና ነው፤ አራት ነጥብ ዘጠኝ።"

"ደህና ነው ወይስ እያነከሰ ነው?" ብለው ሳቁ። ከቦርሳቸው የምስክር ወረቀቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከሥሩ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ወረቀት ጎትተው ሰጧት። "ከመፈረሜ በፊት አንዲት የመጨረሻ ትምህርት ቀርታናለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች ነጥብ በነጥብ ሣዪልኝ።"

ሣለች። አንድ፣ አንድ ነጥብ አምስት፣ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፤ ነጥቦቹ ቀስ እያሉ ዳገት ወጡ። አራት ነጥብ ስድስት ከደረሱ በኋላ ግን ያለፉት ስድስት የሥራ ቀናት፣ አምስት ከሚለው መስመር ሥር፣ ሜዳ ላይ እንደተኛ ሰው ዝርግት ብለው ተኙ። መዝገቡ ላይ አንዱ ከአንዱ ተራርቆ ሲጻፍ ምንም አይመስልም ነበር። አሁን ግን አንድ ላይ ሲታይ ተቆርጦ የቀረ ዳገት ነው።

ውሃ ልክ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ጥሩ አድርገሽ ሥለሽዋል" አሉ። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ነው። በየቀኑ ትንሽ፣ በየቀኑ ትንሽ። እዚህ ጋ ግን ቆመ። ምን አቆመው?"

"እኔ... እንጃ፣ ጋሼ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከዚያ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "እንግዲህ ሁሉም ከአምስት በታች ነው። መመሪያው አልፏል ይላል፤ እኔም ከመመሪያው በላይ አልሆንም። ልፈርም?"

ይኸኔ በሩ ተንኳኳ። በበሩ ስንጥቅ የአንገታቸውን መለኪያ ሜትር እንኳ ሳያወልቁ የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ባለፈው ሐሙስ የኩላሊት ምስል ያነሳችላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው።

"ልጄ፣ ይቅርታ፤ ሲዲዬን ልወስድ ነው። ለቀዶ ሐኪሙ ዛሬ ስጠው ተብያለሁ። ሰኞ ቀዶ ሊያደርጉልኝ ነው።"

"ሰኞ?"

"ኩላሊቴ ላይ ያለው እብጠት ዝም ብሎ ውሃ የቋጠረ አይመስልም ተባለ። ቁጥሩ ሃያ ሦስት ነው አሉኝ፤ ከሃያ በታች ቢሆን ይተውኝ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የማውቀው ቁጥር የወገብና የደረት ነው።" ሳቁ። "የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ ተቀብዬ ነበር፤ ለጎረቤት አስረከብኩት። ሁለት ወር አትቀመጥም ብለውኛል፣ የስፌት መኪናው ላይ።"

"መጣሁ አባባ፤ እዚያው ትንሽ ይጠብቁኝ" አለችና በሩን ዘጋች።

ሐሙስ። የሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እንደነበር አስታወሰች፤ አምስት ነጥብ አምስት። ማሽኑ ንጹሑን ውሃ በአምስት ተኩል አስበልጦ ካነበበ፣ የሰውየው ኩላሊት ላይ ያለውንም በአምስት ተኩል አስበልጦ አንብቦ ይሆናል። ሃያ ሦስቱ አሥራ ሰባት ተኩል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሒሳቡ የሕፃን ሒሳብ ነው። 

ውሃ ልክ ብዕሩ እጃቸው ላይ እንዳለ ይጠብቃሉ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፏል። "አዎ" ብትል በአሥር ሰኮንድ ያልቃል።

"አይፈርሙ ጋሼ" አለች።

"ለምን?"

"ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከአምስት ሲበልጥ እስኪያልፍልኝ እየደገምኩ፣ ያለፈውን ብቻ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ክቧንም ገፋ አድርጌያታለሁ።"

ውሃ ልክ ብዕራቸውን ከደኑ። ተናደዱ፤ ሲናደዱ ድምፃቸው እንደሚቀንስ ያን ቀን አወቀች።

"የመጀመሪያዎቹ ምስሎች የት አሉ?"

"ማሽኑ ውስጥ ናቸው። አላጠፋኋቸውም።"

አንድ በአንድ ከፈቱ። አምስት ነጥብ ሁለት፣ አምስት ነጥብ አምስት፣ አምስት ነጥብ ስድስት፣ አምስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። ነጥቦቹን በቀይ ስትሥላቸው ዳገቱ ሳይቋረጥ ቀጠለ። መዝገቡንም አመጡ። በዚህ ሥራ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ አይቀባም፤ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ከጎኑ እውነተኛው ይጻፍና ይፈረማል። ስድስት ጊዜ አሰመረች፤ ስድስት ጊዜ ፈረመች።

"አሁን ባዶውን አስተካክይው" አሉ ውሃ ልክ።

ማሽኑ ባዶውን እየዞረ ሲያጓራ እሷ ደቂቃውን ቆጠረች። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ውሃውን አስገብታ ለካች። ዜሮ ነጥብ ሦስት።

ልታለቅስ ቃጣት። ማሽኑ መሐንዲስ እንኳ አላስፈለገውም።

"ሃያ አምስት ደቂቃ" አለች።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉ፤ ግን እንደ ወትሮው አልሳቁም። የምስክር ወረቀቱን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። "ያየሁትን ለኃላፊው እጽፋለሁ። ራስሽ እንደተናገርሽም እጽፋለሁ። ውልሽን ያድሱ አያድሱ ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም። ዛሬ አልፈርምም።"

"ይገባኛል ጋሼ።"

"በስድስቱ ቀናት የተነሱትን ሁሉ ዝርዝር አውጪ። ለራዲዮሎጂስቱ አሁኑኑ ደውይ።"

ደወለች። ራዲዮሎጂስቱ ወጣት ነው፤ ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል። ሰምቷት ሲያበቃ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ሌሎቹን ዝርዝሩን ሳይ እወስናለሁ። ልብስ ሰፊውን ግን አሁኑኑ ድገሚያቸው፤ ቀዶ ሐኪሙን እኔ አናግረዋለሁ። ቁጥሩ ከሃያ በታች ከወረደ የሰኞው ነገር ይቀራል። ካልወረደም ያው ይቀጥላል።"

"ለሳቸው ምን ልበላቸው?"

"ምስሉ አልጠራም በያቸው። ምን ያስጨንቅሻል? በየቀኑ የምንለው ነው።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ልብስ ሰፊው ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሚያወሩት ነገር አጥተው የአጠገባቸውን ሰው የኮት ጠርዝ በጣታቸው እየመረመሩ ነበር። ሲያዩዋት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አባባ፣ ምስልዎ እንደገና መነሳት አለበት" አለቻቸው።

ፊታቸው ጨለመ። "ተንቀሳቅሼ ነው አይደል? አውቄዋለሁ። ትንፋሽ ያዙ ስትይኝ ሳል መጣብኝ። ታገልኩት፣ ግን አቃተኝ መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ሰው አስጠበቅኩብሽ። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

እሺ ብላ ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ሰበቡን አዘጋጅተው አቅርበውላታል፤ ሌሎቹም ሰምተዋል፤ እንዲያውም አንዲት ሴትዮ "ምን ያድርጉ፣ ሳል አይያዝ" ብላ አዝናላቸዋለች።

እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እርስዎ አልተንቀሳቀሱም አባባ። ትንፋሽዎንም በደንብ ነው የያዙት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ትነግራቸው ገባች።