በእምነት የተሄደበት መንገድ

የኤልያብ እናት ዘመነች ከጸሎት እህቶቿ ጋር በጠዋት ከሳንሱሲ በላይ ወዳለው ጫካ የወጣችው ልጇ ካርታ ላይ ያወጣውን መንገድ ይዛ ነው። አሁን ከሰዓት ሆኗል። ዝናቡ የኮልፌን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ ስልኳም ጥሪ አይቀበልም።

ኤልያብ ለሆሳዕና ደወለ። የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች ኢንተርኔት ላይ የከፈቱትን የእግር ጉዞ ካርታ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ካርታው የጋራ ነው፤ ማንም መንገድ ያስገባል፣ ማንም አይቶ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ ያልሄድክበትን አታስገባ። ለዚህም ከየመንገዱ ሥር "ሄጄበታለሁ" የምትል ሳጥን አለች፤ የሄደበት ሁሉ ሲነካት ስሙ ይወጣል።

ኤልያብ ግን 18 ማዞሪያ ኬክ ቤት ተቀምጦ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ፣ በጣቱ ከሳንሱሲ ጫካው ውስጥ እስካለው ምንጭ መስመር አሰመረ። መስመሩን ሲመልሰው ደግሞ መሀል ያለውን ወንዝ ከሌላ ቦታ፣ በታች በኩል አሻገረው፤ ለውበት። ስሙን ርሆቦት ብሎ ሳጥኗን ነካ። ውሸት አልመሰለውም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሥራ ያላገኘ ስለ ሥራው ያመሰግናል፣ የታመመ ስለ ፈውሱ ይመሰክራል። እሱም በእምነት ሄዶበታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በእግሩ ሊደግመው አስቦ ነበር፤ ቅዳሜዎቹ ግን ሥራ በዛባቸው።

"ሆስዬ፣ እማዬ ርሆቦት ላይ ናት።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰው ሁሉ የሄደበት መንገድ አይደል እንዴ።"

"ማን ሄደበት?"

"ሳጥኑን አታይም? ፀጋ አለች፣ ሶሊ አለ፣ እኔ አለሁ…"

"አንቺ መቼ ሄድሽ?"

"እኔ እንኳ አሜን ማለቴ ነበር።"

"ሶሊስ?"

"እሱ እኔን አይቶ ነው የነካው።"

"አጥፊው በቃ። አሁኑኑ አጥፊው።"

"ላጥፋው። ግን ኤልዬ፣ ኔትወርክ የለም ብለው ስልካቸው ላይ አውርደውት ነው የሄዱት።"

ሳንሱሲ ከታክሲ ወርዶ በጭቃው ሮጠ። ስልኩ ላይ ሰማያዊዋ መስመር በባሕር ዛፉ መሀል ዘና ብላ ትወጣለች፤ እሱ እየወደቀ ይከተላታል። እንዲህ ጸልዮ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎቱ ውስጥ አንድም ምስጋና አልነበረም።

ከእናቱ የጸሎት እህቶች አንዷ፣ እትዬ ወርቅዬ፣ ዣንጥላ ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

"እናቴስ እትዬ?"

"እኔማ መንገዱ ሲጠፋ እንመለስ ብዬ ነበር። 'ልጄ ሄዶበታል' አለችና ሌሎቹን ይዛ ቀጠለች። እኔን የከዳኝ ጉልበቴ ነው፤ እምነቴ አይምሰልህ ደግሞ።"

ቁልቁለቱን በቂጡ ተንሸራቶ ወረደ። ወንዙ ደፍርሶ ያጓራል። እናቱ ማዶ ናት። ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለቱን እህቶች ከኋላዋ እጅ ለእጅ አያይዛ፣ አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገብታለች።

"አትግቢ!"

ስታየው ፊቷ በራ። "መጣህልን የኔ ጌታ። ስንመጣ ላይ በኩል የረገጥነውን ድንጋይ ውሃው ዋጠው። ያንተ ካርታ መሻገሪያው እዚህ ነው ይላል። አንተ የት ጋ ረግጠህ እንዳለፍክ ብቻ አሳየኝ፣ ሌላውን ለኛ ተወው።"

እህቶቹም አዩት። ጣቱን ወደ አንዱ ድንጋይ ቢቀስር፣ ሦስቱም ያለ ጥርጥር ይገባሉ።

"አልረገጥኩም እማዬ።"

"አልሰማሁህም።"

"እዚህ መጥቼ አላውቅም። አልሄድኩበትም። ማንም አልሄደበትም።"

ዘመነች ቆማ አየችው። ከዚያ እግሯን አወጣች፤ እህቶቹን ከዳርቻው ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አድርጋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"እንግዲህ እስኪጎድል እንቀመጣለን" አለቻቸው፣ ነጠላዋን እየጨመቀች። ወደ እሱም ቀና ብላ፦ "አንተ ሂድና ገመድ ያለው ሰው ፈልግልን። ያለው ነው ያልኩህ፤ ይኖረዋል ብለህ የምታምነውን አይደለም።"