ከፍል ውሃው ዳር የቆመው ቫን

ቨርና በታኅሣሥ ሐሩር ወደ ፍል ውሃው ሄዳ አታውቅም ነበር። ቤተሰቡ የሚሄደው በሐምሌ፣ በረሃው ሲበርድና ሰው ሙቅ ውሃ ሲናፍቀው ነው። ዘንድሮ ግን የታላቅ ወንድሟ የክሌም ወገብ እስከ ሐምሌ የሚቆይ አልሆነም። ክሌም አርባ ዓመት ሙሉ በፈረስ ከብት ሲነዳ የኖረ፣ ከፈረስ ወድቆ ሁለት ጊዜ የተሰበረ ሰው ነው። አሁን በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከአልጋው የሚነሳው ግድግዳ ይዞ ነው። እሷ በመንደሩ ጤና ጣቢያ ረዳት ስለሆነች ክኒን አላጣችለትም፤ እሱ ግን ክኒኑ ሆዴን ያቃጥለኛል፣ አንድ ጠዋት ብቻ ውሃው ውስጥ ልተኛ እያለ ሳምንት ሙሉ ነዘነዛት። በመጨረሻ ማልደው ሄደው ፀሐይ ሳይበረታ ሊመለሱ ተስማሙ።

በፒክአፕ መኪናቸው ከመንደሩ የወጡት ጎህ ሳይቀድ ነው። በሦስት ሰዓቱ ጉዞ አንድም መኪና አልገጠማቸውም። ክሌም ጥቂት ሲያወራ ቆይቶ ወደ መጨረሻው ዝም አለ። ምን ሆንክ ስትለው፣ ከነጋ ጀምሮ አንድ ካንጋሩ እንኳ አለማየቱን ነገራት።

ሲደርሱ መጀመሪያ ያስደነገጣት ጸጥታው ነበር። በፍል ውሃው ዙሪያ ባሉት ዛፎች ላይ ነጫጭ በቀቀኖች ሁልጊዜ ስለሚንጫጩ ሰው ለመደማመጥ መጮህ ነበረበት። ያን ቀን ዛፎቹ ባዶ ነበሩ። ከውሃው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ነጭ ቫን ቆሟል። ከጎኑ ሁለት የሸራ ወንበሮች፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ኩባያዎች አሉ። በአንደኛው ኩባያ በተረፈው ሻይ ላይ ዝንቦች ሞተው ተንሳፍፈዋል።

«ቱሪስቶች ይሆናሉ፤ ውሃ ውስጥ ናቸው» አለች ቨርና።

«በዚህ ወር?» አለ ክሌም። «እኔ ብቻ ነኝ ያበድኩት ብዬ ነበር።» ቀልዱ የራሱ ቢሆንም አልሳቀም።

እንደ ልማዱ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ፣ ለውሃው ሊበትንና መምጣታቸውን ለቀደሙት አባቶችና እናቶች በቋንቋቸው ሊናገር ወደ ዳሩ ሄደ። ጥቂት ሲቀረው ቆመ። አሸዋውን ከእጁ ለቀቀው።

«ወደ ኋላ በይ» አላት፣ ዞር ሳይል።

እሷም አየች። በልጅነታቸው ተቀምጠው እግራቸውን ይነክሩበት የነበረው የውሃው ዳር የለም። መሬቱ እንደተቆረሰ ዳቦ ተገምሶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለሕፃን ገላ ይስማማ የነበረው ንጹሕ ውሃ ደፍርሶ አመድ መስሏል፤ መሃሉ ላይ እየፈላ ይገነፍላል። ትናንሾቹ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳር ይዘዋል። እንፋሎቱ ከሩቅ ጉንጯን ለበለባት።

ክሌም ወገቡን ረስቶ ጎንበስ አለ። በመኪና መንገድ ስቶ ሰው በጠፋ ቁጥር ፖሊስ ለምኖ የሚወስደው እሱን ነበር፤ ዱካ ማንበብን ከአባቱ ወርሷል። ባዶ እግራቸውን የነበሩ ሁለት ሰዎች መሆናቸውን፣ ሴቲቱ ወንዱን ጎትታ እንዳወጣችውና ሰውየው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ቫኑ እንደሄደ በጣቱ እያሳየ ነገራት። ከቫኑ ደግሞ ጫማ ያደረገች ሴት ብቻዋን ወጥታለች። የሄደችውም ወደ ምዕራብ እንጂ ወደ መንገዱ አልነበረም።

ቨርና የቫኑን በር ስባ ከፈተችው። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሰባ ዓመት የሚሆነው ነጭ ሽማግሌ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ከጉልበቱ በታች በአንሶላ ተጠቅልሏል። የሞተ መሰላት። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና፣

«ግዌን?» አለ።

«አይደለሁም፣ አባቴ። ከጤና ጣቢያ ነኝ። አይዞህ።»

ስሙ ኔቪል ነው። ቨርና ጨርቅ በውሃ እየነከረች ከንፈሩን ስታረጥብለት የሆነውን በቁርጥራጭ ነገራት። ትናንት ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ዋኝተው እሱ ሊወጣ ሲል መሬቱ ከእግሩ በታች ከዳው፤ ከስንጥቁ የፈላ ውሃ ወጣ። ልብሳቸው ተቀምጦ የነበረው እዚያው ዳር ላይ ስለሆነ የመኪናው ቁልፍና ስልኩ ከሱሪው ጋር አብረው ሰመጡ። ሰው ይመጣል ብለው ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ግዌን ከሩቅ የቤት ጣሪያ ሲያብረቀርቅ አየሁ ብላ እርዳታ ፍለጋ ሄደች።

ቨርናና ክሌም ተያዩ። በዚያ በኩል ቤት የለም። ያለው ሥራ ካቆመ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ በነፋስ ይሠራ የነበረ የውሃ መሳቢያ ነው። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሐሩሩ ግን አንስቶ አቅርቦ ያሳየዋል።

«ምን ያህል ውሃ ይዛለች?» አለ ክሌም።

«አንድ ጠርሙስ። ጀሪካኑን ለእኔ ተወችው።»

የፒክአፑን ሬዲዮ ሞከሩት፤ ከጩኸት በቀር የሚመልስ አልነበረም። ሰውየውን ጭነው ቢሄዱ ሴቲቱ ትቀራለች። እሱን በዚያ ኮረኮንች እያንገጫገጩ ይዘውት ቢፈልጓት ደግሞ እሱ አይተርፍም። ክሌም ብቻውን ዱካውን እየተከተለ ሊነዳ፣ ቨርና ከኔቪል ጋር ልትቀር ተስማሙ።

«ወገብህስ?» አለችው።

«እሱን ማታ እሰማዋለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

የመኪናው ድምፅ ከጠፋ በኋላ ሌላ ድምፅ መስማት ጀመረች። ከመሬት ውስጥ ይመጣል፤ የተራበ ሆድ እንደሚያጉረመርም ያለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ኩባያዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሥራ ትይዝ ብላ አንሶላውን አረጠበች፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። ከቫኑ ስትወርድ ከውሃው አፍ ተነስቶ ወንበሮቹ ድረስ የመጣ፣ ክር የሚያህል ስንጥቅ አየች። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ ብላ ጫማዋን ስንጥቁ በሚያልቅበት ላይ አኑራ ምልክት አደረገች። ተመልሳ ስታየው ጣት ያስገባል፤ ደግሞም ወንበሮቹን አልፎ ወደ ቫኑ ጎማ ሄዷል።

«ኔቪል፣ ላወጣህ ነው። ያማል።»

«እዚህ ካልሆንኩ አታገኘኝም» አለ።

«ታገኝሃለች። እኔ እጠራታለሁ።»

ፍራሹን በጫፉ ይዛ ጎተተችው። ከበሩ ላይ ሲወርድ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ። አምስት እርምጃ ጎትታ እየቆመች፣ እንደገና እየጎተተች፣ መቶ እርምጃ የሚርቀው ዛፍ ሥር አደረሰችው። ጀሪካኑን ልታመጣ ተመልሳ፣ ይዛው ዞር እንዳለች ከኋላዋ እንደ እንጨት ስብራት ያለ ድምፅ ሰማች። ቫኑ አልተገለበጠም። እንደሚንበረከክ ግመል በፊት እግሩ ዝቅ አለ፤ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አፈሩን እየገፋ ወደ እንፋሎቱ ወረደ። የኋላ መብራቶቹ ከላይ ቀሩ። ኔቪል ከዛፉ ሥር ሆኖ አየው።

ክሌም የተመለሰው ከቀትር በኋላ ነው። ቨርና አቧራውን ከሩቅ አየችና ተነስታ ቆመች። መኪናው ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። በሕይወት ያለ ሰው የጫነ ሰው በዚያ ሜዳ እንዲያ ቀስ ብሎ እንደማይነዳ ወዲያው ገባት። ሲቆም ከኋላ የተጫነችውን በሸራ ሸፍኗት ነበር። ከአናቷ በኩል የራሱን ሸሚዝ ደርቦባታል።

ክሌም ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ከኔቪል አጠገብ በርከክ አለ። ያ ወገቡ እንዴት እንደታጠፈለት አታውቅም።

«ቤቱ ነበረ?» አለ ኔቪል።

«አልነበረም።»

«የት አገኘሃት?»

ክሌም፣ «መሳቢያው ድረስ ሄዳለች። ምንም እንደሌለ ስታይ በሌላ በኩል ዞራ ተመልሳለች። ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ያገኘኋት። ወደ አንተ እየመጣች ነበር» አለው።

ኔቪል እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ።

በመንገድ ሁሉ ቨርና ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ይዛ ተጓዘች። ማታ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አውሮፕላን ተጠርቶ ወደ ከተማ ወሰደው። ሦስት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠው ዳነ። ክሌምን ግን በማግስቱ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ከአልጋው ያነሳው።

በሐምሌ ኔቪል በምርኩዝ መጣና ግዌን የወደቀችበትን ቦታ አሳየኝ አለ። ክሌም ወሰደው። ቨርና ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች፤ ሥራ ግን አልነበራትም። ሲመለሱ ሽማግሌው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ክሌም በሹክሹክታ፣ ባለፈው ወር በፍል ውሃው ዙሪያ የተተከለው የሽቦ አጥር በአንድ በኩል ወደ ውስጥ መጋደል መጀመሩን ነገራት። በቀቀኖቹስ ተመልሰው እንደሆነ ጠየቀችው።

«ገና ናቸው» አላት።