ከቋጥኙ ሥር ያለው ክፍተት

ኢርመሊ ኮርሆነን መሬት ጎርበጥ ብሎ ካየች ዕረፍት የላትም። ቀን ቀን በኪውሩቬሲ ከተማ ዙሪያ ያለውን የጠጠር መንገድ የምትደለድል የግሬደር ሹፌር ናት፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ እንደ ገንፎ በሚሆንበት ወቅት አራት ሳምንት ሙሉ ከወንበሯ አትወርድም። ከሥራ ተመልሳ ራቷን ከበላች በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጥና እግር የማይረግጠውን መሬት ትደለድላለች። «ሰባቱ ሸለቆዎች» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ በፈረስ ተዞሮ የማያልቅ አገር አለ። የሠሩት ሰዎች ግን ተጣድፈው ነው መሰለኝ፣ የዛፉን ሥር አየር ላይ ሰቅለውት፣ ድንጋዩን ከመሬት አላቀውት፣ ወንዙን መሀል ላይ ቆርጠውት ሄደዋል። ኢርመሊ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየደፈነች ማስተካከያዋን ለፈለገ ሁሉ በነፃ ታድላለች። ተጫዋቾቹ እንዲህ ያለውን ነገር «ሞድ» ይሉታል። የእሷን አርባ ሺህ ሰው ጭኖታል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ደለደልሽ፤ እስካሁን የአንድ ሰው ጎማ እንኳ አላዳንሽም» ይላታል ባሏ ካሌርቮ።

«አንተን ጨምሬ ብደለድልህ ነበር የሚሻለው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉድለት ያገኘ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ የሚያንቀሳቅሰውን ሰውዬ እዚያው ጉድለቱ ፊት ያቆመዋል፤ ሲመለስ ከዚያው እንዲቀጥል ባለበት ሴቭ ያደርጋል፤ ፎቶ ያነሳና ከቦታው ቁጥር ጋር ለኢርመሊ ይልክላታል። ከላኪዎቹ ሁሉ ነዝናዛው «ሙይኩ» የሚባለው ነበር፤ ስሙን ያወጣው ከሐይቃቸው ትንሽ ዓሣ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጉድለት ልኮላታል። ሌላው ሰው ዝሆን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሲያመልጠው ሙይኩ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ አይቶ «ግሬደሯ፣ ተኝተሽ ነው የሠራሽው?» ይላታል። ያናድዳታል፤ ታስተካክለዋለች፤ በማግስቱ ሌላ ይልካል። ከአሥራ አራት ወር በፊት በድንገት ዝም አለ። ባለፈው ሳምንት ኢርመሊ ከእሱ ዝርዝር የቀረችውን የመጨረሻዋን ጉድለት ደፈነችና አዲሱን እትም ለአርባ ሺውም ለቀቀችው፤ በቀናት ውስጥ በየኮምፒውተሩ ላይ በራሱ ይጫናል።

ረቡዕ ዕለት መልእክት መጣላት። «አዲሱን ካወጡ ወዲህ የእኔ ሰው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ቆሞ የነበረበት ቦታ የለም። እባክዎ ይመልሱልኝ።»

ኢርመሊ ተነፈሰች። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣባት የመጀመሪያዋ አይደለም። መመሪያዋ ላይ በቀይ ቀለም ጽፋዋለች፤ አዲስ እትም ከመጫኑ በፊት ሰውህን ቤት አስገባና እዚያ ሴቭ አድርግ። የምትነካው ሜዳውን እንጂ ቤቱን ስላልሆነ፣ መሬቱ ከፍ ሲል ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ ከሥሩ ይቀራል። ግን ማን ያነባል? የተለመደውን መልሷን ለጠፈችላቸው። «መመሪያው በቀይ ተጽፏል። ሰውየውን አስቀድመው ቤት ማስገባት ነበረብዎ።» ከዚያ ቋሊማዋን ልትጠብስ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ስትመለስ መልሱ ደርሶ ነበር። «ቤት ሊያስገባው የሚችለው ልጄ ሞቷል። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የማውቀው። ይህን የምትጽፍልኝም ጎረቤቴ ናት።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

ኢርመሊ ክው አለች። ሹካው ላይ የሰካችው ቋሊማ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ትኩስ መሆኑን እንኳ አላወቀችም። ያንን የራሷን መልስ ደግማ አነበበችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ወዲያው ደወለች። ያነሱት ሴት ሄልቪ ይባላሉ፤ ቫርካውስ ከተማ ነው የሚኖሩት።

«እኔ ነኝ» አለች ኢርመሊ፣ «መሬቱን የነካሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ምን ነበር የሚያዩት?»

«ጀርባውን» አሉ ሄልቪ። ድምፃቸው ደረቅ ነው፣ አያለቅሱም። «ቀይ ኮፍያ አድርጓል፣ ወፍራም ካፖርት ደርቧል። ሐይቅ ዳር ቆሞ ይተነፍሳል። ልጄ ዮውኮ በሞተበት ዕለት እንዲህ አቁሞት በረዶ ሊጠርግ ወጣ። በዚያው ልቡ ቆመ። ጎረቤቴ አከፋፈቱን አሳየችኝ። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ድንቹ አወራለታለሁ፤ ከዚያ እዘጋዋለሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንዲት ቁልፍ ነክቼ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ማክሰኞ ስከፍተው ወደቀ። እጁን እያወራጨ ይወድቃል፣ ይወድቃል፣ ማረፊያ የለውም። የሰበርኩት እኔ መስሎኝ ዘጋሁት። ዛሬ ደግሞ ከፈትኩት፣ ያው ነው።»

ኢርመሊ ከወንበሯ ተነሳች። ያ ጨዋታ በተከፈተ ቁጥር በራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን ሦስት ብቻ ነው፤ አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌውን ያጠፋል። ሁለቱ አሁን እየወደቀ ያለውን ሰውዬ ይዘዋል። ቆሞ የቀረው በአንዱ ብቻ ነው ማለት ነው።

«ሄልቪ፣ እለምንዎታለሁ፣ ዳግመኛ እንዳይከፍቱት! ሶኬቱን ይንቀሉት። ቅዳሜ ጠዋት እኔው እመጣለሁ።»

«ሶኬቱንስ ነቅያለሁ» አሉ ሄልቪ። «ቦታው የቱ እንደሆነ ይነግርሽ እንደሆነ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ‹ሙይኩ› የሚል ተጽፏል።»

ኢርመሊ ስሙን አወቀችው። ስልኩ ተዘግቶም ከጆሮዋ አላነሳችውም። ዝርዝሯን ከፍታ የመጨረሻዋን ፎቶ አወጣች። ቀይ ኮፍያ፣ ወፍራም ካፖርት፣ ሐይቁ ዳር አንድ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር አንዲት ክንድ የማትሞላ ክፍተት። ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። «ይቺን ሳትደፍኚ እንዳትሞቺ፣ ግሬደሯ» ይላል ጽሑፉ። ቀኑን አየች። ዮውኮ ይህን ልኮ ነው በረዶ ሊጠርግ የወጣው።

ከእሱ በታች ደግሞ የራሷ መልእክት አለ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የላከችው። «ምነው ዝም አልክ? እፎይ፣ ተገላገልኩ!»

ካሌርቮ ሲገባ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። ስክሪኑን ብቻ በጣቷ አሳየችው። አነበበ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል ነድታ ቫርካውስ ደረሰች። ሄልቪ አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሩዝ የተሞላ የካሬሊያ ፓይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል፤ ማናቸውም አልነኩትም። ኢርመሊ የዮውኮን ኮምፒውተር ሰካች፤ ጨዋታውን ሳትከፍት በመጀመሪያ ሴቮቹን ወደ ፍላሽ ገለበጠች፤ ከዚያ የራሷን ሞድ ከሥሩ ነቅላ አወጣችው። ሦስተኛውን ሴቭ ስትጫነው ዓይኗን ጨፍናለች።

«አለ» አሉ ሄልቪ።

ቆሟል። ቀይ ኮፍያው፣ ካፖርቱ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል። ሄልቪ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አወሩለት። «ትናንት ዘነበ። ድንቹ ገና ነው።»

ቀጥለው ወደ ኢርመሊ ዞሩ። «አንቺ ቦታውን ታውቂዋለሽ። ይሄን ያህል ጊዜ ቆሞ የሚያየው ውሃውን ነው አይደል?»

አዎ ብትል ያልፍ ነበር። ኢርመሊ ግን የጎረበጠ ነገር ሸፍና መሄድ አልሆነላትም።

«ውሃውን አይደለም። ከቋጥኙ ሥር ያለውን ክፍተት ነው። ለእኔ ሊያሳየኝ ነው የቆመው። ድፈኚው ብሎ ጻፈልኝ፤ ዓመት አስቆጥሬ ደፈንኩት። የቀበርኩት እሱ ራሱ በለመነኝ ነገር ነው። ከሞተ በኋላም ‹እፎይ፣ ተገላገልኩ› የሚል መልእክት ልኬበታለሁ። አላወቅኩም ነበር። ስንቀላለድ ነው።»

ሄልቪ ዓይናቸው ፈጠጠ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የዮውኮ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ጮኸ፤ ሳወጣው ይሄ ነው፤ የላኪውን ስም አላየሁም። የላከችው ኢርያ መሰለችኝ፣ የቀድሞ ሚስቱ! ሌላ ማን እንዲህ ይለዋል ብዬ! ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ፊቴን አዙሬባታለሁ። ለገና በዓል አበባ ይዛልኝ ብትመጣ በሩን አልከፈትኩላትም!» ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «አምላኬ፣ ምን አደረግኩ እኔ?»

ኢርመሊ አንድ ክንድ መሬትና ሁለት ቃል ስንት ሰው ላይ እንደወደቀ በጣቷ ቆጠረች።

«እውነት ድፈኚው ብሎ ለምኖሻል?» አሉ ሄልቪ በመጨረሻ።

ኢርመሊ መልእክቱን አሳየቻቸው። ሄልቪ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቴ አነበቡት። በሦስተኛው «ነዝናዛ ነበር» አሉ። «እኔንም ድስቱ አልታጠበም ይለኝ ነበር።»

«እንዳለ ልተወው እችላለሁ። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ክፍተቷ ትቀመጣለች፤ እሱም ሳይነካ ይቆማል።»

«የለም። የለመነሽን አድርጊለት። ቤት ይግባና መሬቱን መልሺው።»

ኢርመሊ ሰውየውን የሚያንቀሳቅሰውን ጆይስቲክ ስታነሳ ሄልቪ ከእጇ ቀሟት። «እኔ ነኝ የማስገባው። ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«ከኋላው ነው። ይቺን ትንሽ ዘንግ ወደ ራስዎ ይሳቧት፣ ቀስ ብለው። ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል።»

ሄልቪ አውራ ጣታቸውን ዘንጓ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቧት። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ቀይ ኮፍያው ዞረና ፊት ለፊት ወደ እነሱ መራመድ ጀመረ።

ኢርመሊ በድንጋጤ ጮኸች። ሄልቪ በጩኸቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

ከኮፍያው ሥር ያለው ወንድ አይደለም። አጭር፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት፤ ሽበቷ ጆሮዋ ላይ ተቆርጧል፣ ግራ ቅንድቧ ከቀኙ ከፍ ይላል፣ አገጯ ላይ ጠባሳ አለ። ወገቧ ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ጎራዴ ታጥቃለች። ተጫዋቹ ለሰውየው የፈለገውን መልክ እንደሚሰጠው ኢርመሊ ታውቃለች፤ ይህን ፊት ለመሥራት ግን አንድ ሰው ብዙ ቀን ከፎቶ ጋር እያመሳከረ መቀመጥ አለበት።

ሄልቪ አገጫቸውን ዳሰሱ። ጠባሳው እዚያው ነው።

«ይሄማ እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «እኔን ነው ይዞ ሲዞር የኖረው? ጎራዴ አስታጥቆኝ?»

አሮጊቷ መራመዷን አላቆመችም፤ ሄልቪ አውራ ጣታቸውን አልለቀቁም ነበርና። ሜዳውን አቋርጣ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ የእንጨት በሩን ከፍታ ገባች። ውስጥ እሳት ይነድዳል። ሄልቪ እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ እሳቱ ዳር አቆሟት፤ ኢርመሊ ባሳየቻቸው ቁልፍ በገዛ እጃቸው ሴቭ አደረጉ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ድፈኚው» አሏት። «እኔ ደግሞ ለኢርያ ልደውል።»